እንግዳ ሆኖ መሄድ፦ ለጃፓን ጉዞ ስንዘጋጅ የተማርነው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ከማኅበሩ አባላት ዘጠኝ ሆነን ጃፓንን ለማየት እየተዘጋጀን ነው። ትኬት ገና አልቆረጥንም፤ ገንዘቡም አልሞላም። ግን ከግማሽ ዓመት በላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ እየተገናኘን ካርታ ስንዘረጋ፣ ስናነብና ስንከራከር ቆይተናል። የማኅበሩ ኮሚቴም «እስቲ ያገኛችሁትን ለሌላውም አካፍሉ» ስላለን ዛሬ እዚህ ቆመናል። ዓመተ ምሕረት በጠራን ቁጥር በዚህ አገር አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንናገር።

በመጀመሪያ ከቤት የመጣውን ጥያቄ እንመልስ። ሁላችንም ለወላጆቻችን ስንነግር የሰማነው አንድ ዓይነት ነው፤ «ጃፓን ምን አላችሁ? ያን ያህል ገንዘብ ካወጣችሁ አይቀር ለምን ጎንደር አትሄዱም?» ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው፣ በቀልድ አናልፈውም። ጎንደር፣ ወለቃ፣ አምቦበር ለእኛ የሽርሽር ቦታ አይደሉም። ወደዚያ የምንሄደው እናንተ ያደጋችሁበትን ቀዬ ለማየት ነው፤ አገሩ ሰላም ሲሆን፣ ከተቻለም ከእናንተው ጋር። ጃፓን ግን ሌላ ነው። እዚያ የሚያውቀን የለም፣ እኛም የምናውቀው የለም። ሰው ወደማያውቀው ቤት ሲገባ አገባቡን መማር አለበት። ይህን እንማር ብለን ስንነሳ፣ ሳናስበው፣ መልሰን እናንተን መጠየቅ ጀመርን። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከእኛ በፊት የሄዱ

ጃፓን ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አገር መስሎን ነበር፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1931 በመልእክተኛነት ጃፓን ሄደው፣ ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ብዙ ነገር የወሰደው ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። የዚያ ዘመን ምሁራን አውሮፓ ያልገዛው፣ ግን ባቡርም ፋብሪካም የሠራ አገር ሲያዩ «ታዲያ እኛስ?» ብለው ነበር።

ከዚያ አበበ ቢቂላ አለ። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እንደጨረሰ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሳ ሰውነቱን ሲያፍታታ ስታዲየሙ በሙሉ አየው። ያ ስታዲየም ፈርሶ ለ2020ው ኦሎምፒክ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ተሠርቷል። ቶኪዮ የደረስን ዕለት መጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያ ነው።

መቼና እንዴት

ወቅቱን መምረጥ ብዙ አከራክሮናል። አብዛኛው ቱሪስት የሚሄደው የቼሪ አበባ ሲፈነዳ፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ያ ግን ከፋሲካ ጋር ይጋጫል፤ ቂጣ ተሸክሞ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር ደግሞ ማንም አልፈለገም። ከሚያዝያ ማለቂያ እስከ ሜይ መጀመሪያ ጃፓናውያን ራሳቸው ለበዓል ይወጣሉ፤ ባቡሩም ሆቴሉም ይሞላል። ሰኔ ዝናብ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከነወበቁ፣ ከዚያ የአውሎ ነፋስ ወራት። የቀረው በልግ ሆነ። የኪዮቶ ዛፎች ቀይ የሚለብሱት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ነው። ስግድም ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ይውላል። ስለዚህ ወሰንን፤ ስግድን ኢየሩሳሌም ላይ ከቄሶቻችን ጋር አክብረን ከዚያ እንነሳለን። ተማሪ የሆንነው ከወዲሁ ከመምህሮቻችን ጋር እየተነጋገርን ነው፤ ሌሎቹ ጸባ የጨረሱና ሥራ ላይ ያሉ ናቸው።

የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ቀጥታ በረራም ከ2023 ጀምሮ ነበር፤ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል። ጦርነት ባለበት ዘመን ግን በረራ ስለሚሰረዝ፣ ትኬት ስንቆርጥ የሚመለስ ገንዘብ መሆኑን እናያለን።

በአሥር ቀን ስምንት ከተማ የሚያስሮጡ ጉዞዎች አሉ። እኛ አሥራ ሁለት ቀን ይዘን ሁለት ማረፊያ ብቻ መርጠናል፤ አምስት ሌሊት ቶኪዮ፣ ሰባት ሌሊት ኪዮቶ። ናራ፣ ኡጂ፣ ኮቤና ትሱሩጋ ከኪዮቶ ደርሰው የሚመለሱባቸው ናቸው። ሂሮሺማም በፈጣን ባቡር በአንድ ቀን ይደረስበታል፤ የሰላም ሙዚየሙ መግቢያ 200 የን ነው።

ስለ ባቡሩ አንድ ምክር። ሰው ሁሉ «የጄአር ፓስ ግዙ» ይላል። የሰባት ቀኑ ፓስ እስከ 2023 መጸው ድረስ 29,650 የን ነበር፤ በዚያው መጸው ወደ 50,000 ከፍ አለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን መሄድ ደግሞ 14,000 የን ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። እንደኛ አንድ ቦታ ቁጭ ለሚል ሰው ነጠላ ትኬት ይሻለዋል። ለከተማ ባቡርና ለአውቶቡስ ሱይካ ወይም ኢኮካ የሚባል ካርድ ሞልቶ ማስነካት ነው።

ሁለቱ ጉርሻዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጃፓን ውስጥ ሁለቱም ጉርሻዎቻችን አይሠሩም። አንደኛው ለአስተናጋጅ የምንሰጠው ጉርሻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትተህ ብትወጣ፣ ልጁ «ረስተኸዋል» ብሎ መንገድ ላይ ሮጦ ሊመልስልህ ይችላል። ሁለተኛው በእጅ የምናጎርሰው ጉርሻ ነው። በጃፓን ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን በረጅም እንጨት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበለ ማስቀመጫው ውስጥ ያኖረዋል። ስለዚህ ማዕድ ላይ ምግብን ከእንጨት ወደ እንጨት ማቀበል ለቅሶ ቤትን ያስታውሳል። እንጨቱን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆምም እንዲሁ፣ ለሙት የሚደረግ ነው። እኛ ፍቅር ያልነው እዚያ ሐዘን ነው። ይህን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ደግ ልሁን ብሎ ቤተሰቡን ያስደነግጣል።

ሌላው ብዙ ነገር ግን ከቤታችን ያልራቀ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ስጦታ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይወሰዳል። ታላቅ ሰው ሳይጀምር አይበላም። «ኤንርዮ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ራስን መቆጠብ፣ ሲቀርብልህ ዘለህ አለመቀበል፣ የሰውን ፊት ማየት። አንዲት እናት ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ይሉኝታ ነዋ!» አሉን። «መይዋኩ» ደግሞ ሰውን ማስቸገር ነው፤ በባቡር ውስጥ ስልክ የማይናገሩት፣ ቆሻሻቸውን በኪሳቸው ይዘው ቤት የሚመለሱት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ ነገር ነክቶናል። በዚህ አገር ስናድግ በክፍል ውስጥም በጸባም ስንቴ ተብለናል፦ «ለምን ዝም ትላለህ? ለምን ዓይን ዓይኔን አታይም? እናንተ ባይሻኒም ናችሁ።» ከቤት የተማርነው ጨዋነት እንደ ድክመት ተቆጠረብን። አንዳንዶቻችንም ልናራግፈው ሞከርን። አሁን በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ከተሞች በአንዱ ያው ጨዋነት የሁሉም ሰው ሥርዓት ሆኖ ስናገኘው፣ ከእናቶቻችን የወሰድነው ነገር ዋጋ እንዳለው ገባን። እርግጥ ጃፓናውያንም በይሉኝታ ይጨነቃሉ፤ የሚሰማውን መናገር አቅቶት የሚጎዳ ሰው እዚያም አለ። ስለዚህ ሁለቱንም መያዝ እንፈልጋለን፤ ሲገባ ዝም ማለት፣ መብታችን ሲነካ ደግሞ መናገር።

መስገድንም እንዲሁ ተማርነው። «ኦጂጊ» ይባላል፤ ለሰላምታ ጎንበስ፣ ለምስጋና ከዚያ ዝቅ፣ ለይቅርታ በጣም ዝቅ። የበዓላችን ስም ራሱ ስግድ ለሆነው ለእኛ ይህ አይከብድም። ልዩነቱ እኛ መሬት የምንስመው ለእግዚአብሔር ሲሆን እነሱ ጎንበስ የሚሉት ለሰው ነው። ናራ ፓርክ ውስጥ ከሺህ በላይ አጋዘኖች ይኖራሉ፤ ብስኩት ፈልገው እነሱም አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ አሉ። ይኸን የሰማ አንዱ ጓደኛችን «እንግዲህ እነሱም ከእኛ ወገን ናቸው» ብሎ አስቆናል።

ሻይና ቡና

ኪዮቶ አጠገብ ኡጂ የሚባል የሻይ አገር አለ። የሻይ ሥርዓታቸውን ዛሬ ባለው መልክ ያስያዘው ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። የሻይ ክፍሉ በር በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ መኮንንም ሳሙራይም ሰይፉን ውጭ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ ተንፏቆ ይገባል። ከውስጥ ሁሉም እኩል ነው። እንግዳው ጎድጓዳውን ዕቃ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ያማረው ፊቱ ወደ ራሱ እንዳይሆን ጥቂት አዙሮ ይጠጣል። «ኢቺጎ ኢቺኤ» ይላሉ፤ ይህች ቁጭታ አንዴ ናት፣ አትደገምም እንደማለት።

የእኛ ቡና ወሬ ይፈልጋል፣ የእነሱ ሻይ ጸጥታ። የእኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ግን ሁለቱም አይቸኩሉም። ሁለቱም የእንግዳን ክብር በሥራ ያሳያሉ፤ ማጠብ፣ መቁላት፣ መቅዳት፣ ማቅረብ። የሚገርመው ደግሞ የጃፓን ቡና ቤቶች የኢትዮጵያን ቡና ከጥንት ጀምሮ «ሞካ» እያሉ ይሸጣሉ፤ ሲዳሞ፣ ይርጋ ጨፌ የሚለውም በፊደላቸው ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ፊደል ካነሳን፣ ካታካና ከሚባለው ጽሕፈታቸው ጋር ቶሎ ተግባባን። መሠረታዊ ፊደሎቹ 46 ናቸው። ሕፃናቱ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያሉ ይቆጥራሉ። ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል፣ ፊደል ገበታ ነው። ከመካከላችን አማርኛ የሚሰሙ ግን የማያነቡ አራት ነበሩ። «የጃፓንን ተምረን የእናታችንን እንዴት እንተዋለን?» ብለው አሁን ማክሰኞ ማታ ከካታካናው በፊት ግማሽ ሰዓት ፊደል ይቆጥራሉ።

ማዕድና ሰንበት

ኮሼር ለሚጠብቅ ሰው ጃፓን ቀላል አይደለም። ዓሣው ሞልቷል፤ ነገር ግን ሾርባው ውስጥ የአሳማ አጥንት ወይም ከባሕር የሚወጣ የማይበላ ነገር ሊኖር ይችላል። ቶኪዮና ኪዮቶ ቤት ሐባድ አለ፤ ኮቤ ደግሞ ምኩራብ አለ። ሰንበትን በእነዚህ አካባቢ እናደርጋለን። በኖቬምበር መጨረሻ ኪዮቶ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 4፡45 ገደማ ስለሆነ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ የትም አንሄድም። ብዙ ሆቴል ቁልፉም በሩም በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ታችኛው ፎቅና የብረት ቁልፍ ያለው ማረፊያ አስቀድመን እየፈለግን ነው። እናቶች ሆይ፣ ቋንጣ አታስይዙን! ደረቅም ቢሆን ሥጋ ወደ ጃፓን ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ሽሮና በርበሬ የሚይዝም አስቀድሞ ደንቡን ይጠይቅ፣ ሲገባም ያሳይ።

ስለ ቤተ ጣዖቶቹም ተነጋግረናል። ፉሺሚ ኢናሪ የተባለውን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቀይ በሮች ያሉበትን ተራራ ሁሉም ሰው ፎቶ ያነሳዋል። ከእኛ ገብቶ ማየት የሚፈልግ አለ፣ በሃይማኖት ምክንያት አልገባም የሚልም አለ። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የማይገባው አይዘለፍም፣ የሚገባውም አጨብጭቦና ሰግዶ የሰውን ጸሎት መጫወቻ አያደርግም።

ክፉ እንግዳ ምን እንደሚያደርስ አንብበናል። ኪዮቶ ውስጥ ጊዮን በሚባለው ሰፈር ቱሪስቶች ጌሻዎችን እያሳደዱ ፎቶ ሲያነሱ፣ ሰፈርተኛው በ2024 የግል መተላለፊያዎቹን ለጎብኚ ዘጋ። በዚያው ዓመት ከፉጂ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ሰው መንገድ እየዘጋ ፎቶ ቢያስቸግራት፣ ተራራው እንዳይታይ ጥቁር መጋረጃ ሰቀለች። ሰው የራሱን ተራራ እስኪጋርድ ድረስ ከተማረረ፣ እንግዳው ገደቡን አልፏል ማለት ነው።

ትሱሩጋ

በዕቅዳችን ውስጥ አብዛኛው ቱሪስት የማይሄድባት አንዲት ወደብ አለች፤ ከኪዮቶ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። በ1940 ክረምት በሊቱዌኒያ ካውናስ ከተማ የጃፓን ምክትል ቆንስል የነበረው ሱጊሃራ ቺዩኔ በር ላይ ከናዚ የሸሹ አይሁድ ተሰለፉ። የኔዘርላንድስ ቆንስል ያን ዝዋርተንዳይክ ወደ ኩራሳዎ ደሴት ለመግባት ቪዛ እንደማያስፈልግ ጽፎላቸው ነበር፤ የቀረው መሸጋገሪያ ነው። ሱጊሃራ ቶኪዮን ደጋግሞ ጠየቀ፣ ተከለከለ። ቢሆንም ለሳምንታት በእጁ ጻፈ። ዝርዝሩ ላይ ከ2,100 በላይ ስም አለ፤ በአንድ ወረቀት ቤተሰብ የሄደበትም ብዙ ነው። ስደተኞቹ ሩስያን በባቡር አቋርጠው ከቭላዲቮስቶክ በመርከብ ትሱሩጋ ወረዱ፣ ከዚያም ወደ ኮቤ ሄዱ።

ወደቡ ላይ ዛሬ ሙዚየም አለ። እዚያ የተሰበሰበው የከተማው ሽማግሌዎች ምስክርነት ስለ ትንሽ ነገር ነው፤ ፖም ያደለ ልጅ ነበር፣ ገላቸውን እንዲታጠቡ መታጠቢያ ቤቱን በነፃ የከፈተ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜዋ ጃፓን የጀርመን ወዳጅ እንደነበረች አንረሳም። ፖሙን የሰጠው ግን መንግሥት አይደለም፣ ሰው ነው።

ከኮቤ የመጣ ሌላ ታሪክም አለ። በ1941 እዚያ የነበሩት ስደተኞች «በዚህ በምድር ዳርቻ ዮም ኪፑርን በየትኛው ቀን እንጹም?» ብለው ወደ ኢየሩሳሌም ቴሌግራም ላኩ፤ ረቢዎቹም ያንኑ መልስ አልሰጡም። ከኢየሩሳሌም ርቀው በዓላቸውን በራሳቸው ሽማግሌዎችና ቄሶች ቆጥረው ለኖሩት ለአያቶቻችን ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም።

ያድ ቫሼም ሱጊሃራን ጻድቅ ብሎ ያከበረው በ1984 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ ተጀምሮ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከሱዳን እየተነሳችሁ ነበር። እዚህ ካላችሁት አንድ አባት፣ ስለ ትሱሩጋ ስንነግራቸው፣ «እኛንም በመንገድ ውሃ ያቀበለ ሰው ነበረ፤ ስሙን ግን ሳንጠይቀው ሄድን» አሉን። ትሱሩጋ ስንደርስ ያን ስሙ ያልታወቀ ሰውም አብረን እናስባለን።

ሲያዩን

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ጃፓን ውስጥ እንታያለን። ጥቁር ሰው በትንንሽ ከተሞች ብዙ አይታይም። በ2015 የጃፓን ሚስ ዩኒቨርስ የሆነችው አሪያና ሚያሞቶ እዚያው የተወለደች ሆና፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ «ጃፓናዊት አትመስልም» ያሏት ነበሩ። «አትመስልም» የሚለውን ቃል እዚህም እናውቀዋለን። ስለዚህ ተዘጋጅተናል። ሕፃን ትኩር ብሎ ቢያይ ፈገግ እንላለን፤ ጸጉር ልንካ የሚልን በትሕትና እንከለክላለን፤ ማንም ማታ ብቻውን አይሄድም። ከየት ናችሁ ሲሉን የምንመልሰውንም አጥንተናል፦ «ኢሱራኤሩ ካራ ኪማሺታ። ርዮሺን ዋ ኤቺዮፒያ ሹሺን ደሱ።» ከእስራኤል መጣን፤ ወላጆቻችን የኢትዮጵያ ተወላጆች ናቸው። ሁለቱንም እንናገራለን፣ አንዱንም አንተወውም።

የምንለምናችሁ

ጃፓናዊ ቤት ባዶ እጁን አይሄድም፤ እኛም እንደዚያው። ለሚያስተናግዱን ሰዎች የተቆላ ቡና በትንንሽ ሙዳይ ይዘን መሄድ አስበናል። ስለዚህ እናቶቻችንን ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ስፌት የምታውቁ አሥር ትንንሽ ሙዳይ አብራችሁን ስፉ፤ እኛም ቁጭ ብለን እንማራለን። ሁለተኛ፣ ቡናውን አቆላሉን፣ አቀራረቡን፣ እንግዳ ሲገባ የሚባለውን ቃል በሥርዓቱ አስተምሩን። ጥያቄ ሲጠይቁን «እናታችን ታውቃለች» ብለን እንዳንቀር።

ለታናናሾቻችን ደግሞ የማክሰኞው በር ክፍት ነው። ጃፓን የማይሄድም ይምጣ። ስንመለስም ያየነውን በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ በአማርኛ ጽፈን እናስረክባለን።

አባቶች፣ እናቶች፣ ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት መርቁን።